ለእኔ የደረሰኝ መስመር

ሰኞ

ወረቀቱ ተቃጠለ። መሪያችን ጋሽ ተፈራ ራሳቸው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ፣ በየቤቱ ተደብቀን ስንሰበሰብ የምናምነውን የያዘልን እሱ ነበር። ሰባት መስመር። ትናንት የቀበሌ ሰዎች የአንዳችንን ቤት ፈተሹ፤ ከእንግዲህ ጽሑፍ አይኑር ተባለ።

ከእኔ ጋር ሰባት ነን። «አንድ አንድ መስመር በቃላችሁ ያዙ፤ ልብ አይፈተሽም» አሉ ጋሽ ተፈራ። (ይህን ደብተር ቢያዩ ጉዴ ነው። ዱቄት ዕቃ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ።)

አልማዝ አንዱን አምላክ በሦስትነቱ ያዘች። በሥራ ሳይሆን በጸጋ መዳናችን ለሌላዋ ደረሰ። ለእኔ የመጨረሻው፦ ሙታን ይነሣሉ። ቅዳሜ ሐይቁ ውስጥ ስጠመቅ የምናገረው እሱን ነው።

ከሁሉ እሱ!

ማክሰኞ

ወንድሜን መላኩን በሕልሜ አየሁት። ሐይቁ ከወሰደው ሦስት ዓመት ሆነው። ታንኳው ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። በሕልሜ ከውኃው ሥር ተቀምጦ ሸንኮራ ይልጣል። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። «ቆየሽ እኮ» አለኝ።

የምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ክሩ ውኃ ውኃ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝ። አለቃዬ «ጓዲት፣ ተኝተሻል?» አለኝ። አልተሳሳተም።

ረቡዕ

ጋሽ ተፈራን መስመሬን ይቀይሩልኝ ብዬ ለመንሁ። ጸጋውን ይስጡኝ አልሁ፤ እሱን ያለ ጭንቅ አምነዋለሁ።

«ትንሣኤን አታምኝም?»

«አምናለሁ። ግን መቃብር ላላቸው ይመስለኛል።»

 ባሕርም የያዛቸውን እንደሚመልስ ተጽፏል አሉኝ። የእኛንም ሐይቅ ይጨምር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ደግሞ!» አሉ። አልቀየሩልኝም።

ሐሙስ

ከመላኩ ወዲህ ዓሣ ቤታችን አይገባም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም እግሬን እንኳ ሐይቁ ውስጥ አላስገባሁም።

«ቅዳሜ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ልብስ ላጥብ እሄዳለሁ» አልኋት እማዬን። ጴንጤ መሆኔን ካወቀች ወዲህ ብዙ አታናግረኝም። ሳሙና አወጣችልኝ። ውሸቴ ከበደኝ።

ዐርብ

የምፈራቸው፦ ቀበሌ። ብርዱ። እማዬ። ውኃው።

ቅደም ተከተሉ ልክ አይደለም። ውኃው መጀመሪያ ነው።

ቅዳሜ

ጭጋግ ነበር። ሐይቁና ሰማዩ አይለዩም፤ ደንገሉ አየር ላይ የበቀለ ይመስላል። ስድስቱ እህቶች ማንም እንዳይነቃ የእውነት ልብስ ያጥባሉ። እያሹ፣ በየተራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መስመራቸውን አሉ። ስድስቱም መስመር አለቀ።

እኔ እስከ ደረቴ ገብቻለሁ።  ጋሽ ተፈራ ክንዴን ይዘዋል። «በይ» አሉኝ። ያጠናሁት ጠፋኝ።

«መላኩ ይነሣል» አልሁ።

አላረሙኝም። አጠለቁኝ።

ዐይኔን ከፈትሁ። አረንጓዴ ብርሃን፤ ጸጥታ። ማንም የለም። አልፈራሁም! ስወጣ እያለቀስሁ እስቅ ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ጠጋ አለችኝ። «ራስሽ ሐይቅ ሐይቅ ይላል።» መዋሸት አቃተኝ፤ ሁሉንም ነገርኋት።

«በሰማንያ ቀንሽ አስጠምቄሽ የለ? ምን ጎደለሽ?» አለች። ጩኸቷን ጠበቅሁ። አልጮኸችም። «ምን ብለሽ ገባሽ?» አለችኝ።

ነገርኋት። 

«የሙታንን መነሣትማ እኛም እንለዋለን። ልጄን በስሙ ጠርቶ ያለልኝ ግን የለም። እስቲ ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። አሁን ጓዳ ውስጥ ሆና ስታንሾካሹክ ይሰማኛል። መስመሬን እያጠናች ነው።