በምድር ቤቱ ስልክ የሰማሁት

ውድ ዳርካ፣

ከኦረስት ጋር ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን፤ እኔና አንቺ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው። እቀናብሽ ነበር። ዛሬም እቀናብሻለሁ፤ ይህን የምጽፈው ቅናቱ ስለለቀቀኝ እንዳይመስልሽ።

እዚህ ዮርክተን ከተማ ውስጥ የምንኖርበት ቤት ለሰው ሁሉ እስካሁን «የዳርካ ቤት» ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጎመን ጥቅልል ሠርቼ ስሄድ ሴቶቹ ቀመስ አድርገው «ያንቺም አይከፋም» ይሉኛል። ያንቺም! ኦረስት እንኳ የቆርቆሮ መክፈቻው ሲጠፋበት «ዳርካ የት ነበር የምታስቀምጠው?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል፤ የቀድሞ ሚስቱን ዕቃ ጠባቂ የሆንኩ ይመስል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደውለሽ፣ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቂኝ «ደህና ነው፤ ቤቱም ሞቅ ብሏል» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ያን ስል ከአፌ የሚወጣው እንፋሎት ይታየኝ ነበር። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤ ምድር ቤት ያለው የጋዝ ማሞቂያ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ አልነሳም ብሏል።

ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ አደረግሁ። ማጣሪያውን ቀየርኩ። ውጭ ወጥቼ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ የተጋገረውን በረዶ በማንኪያ ፈለፈልኩ። ተመልሼ ሳየው ያው ነው፤ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ እሳቱ ቦግ ይላል፣ አምስት ሰከንድ ሳይሞላ እልም። ጠጋኙ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ ከነገ በፊት አልደርስም አለ። ኦረስት ከሆስፒታል ከወጣ ገና ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤለትም ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

«ይህን ማሞቂያ ስትጠግን የኖረችው ዳርካ ናት፤ ልደውልላት» አለኝ።

«ለሷ ከምትደውል በብርድ ብንደርቅ ይሻላል።»

«አንቺ ድረቂ። እኔ እደውላለሁ።»

ተናድጄ ምድር ቤት ወረድኩ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ሳቁ ተሰማኝ። ዳሌው ከተሰበረ ጀምሮ ለኔ ያልሳቀውን ሳቅ! ማሞቂያው አጠገብ ያለውን፣ ከላይኛው ጋር አንድ መስመር የሆነውን ስልክ ቀስ ብዬ አነሳሁና አፌን በእጄ ይዤ አዳመጥኩ።

«ቦግ ብሎ ከጠፋ ዘንጓ ናት» ትዪዋለሽ። «እሳት መኖሩን የምታይ ቀጭን የብረት ዘንግ አለች። ስትቆሽሽ እሳቱ አይታያትም፤ ጋዙ ይዘጋል። መጀመሪያ የማሞቂያውን ኤሌክትሪክ አጥፋ፤ ጋዙንም ዝጋ። የያዛት አንድ ብሎን ብቻ ነው።»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ፣ ጋዙን ዘጋሁ፣ ብሎኑን ፈታሁ።

«አሁን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ቀስ ብለሽ ፈግፍጊያት» አልሽ። «እንዳታጣምሚያት፤ ዙሪያዋን ያለው ሸክላ ይሰበራል።»

«ማንን ነው ‹ፈግፍጊያት› የምትዪው?» አለ ኦረስት።

«ምድር ቤት ያለችውን ነዋ! ስትተነፍስ ይሰማኛል። አንተማ ክብሪት እንኳ ለኩሰህ አታውቅም።»

ፊቴ በእፍረት ጋለ። ስልኩን ልዘጋው ስል ኦረስት ከላይ ሲያስል ሰማሁት። ፈገፈግኩ። ዘንጓን መለስኩ፣ ጋዙን ከፈትኩ፣ ኤሌክትሪኩን አበራሁ። ቦግ አለ። አምስት ቆጠርኩ፤ አሥር፤ ሃያ። አልጠፋም።

«ጎበዝ፣ እህቴ» አልሽኝ።

አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝና ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ብትመጻደቂብኝ ኖሮ እፎይ ብዬ እጠላሽ ነበር። አንቺ ግን እህቴ አልሽኝ፤ የምጠላሽበትንም ምክንያት ነጠቅሽኝ። ስለዚህ የዘገየ ምስጋናዬ ይኸውልሽ። ባልሽ የነበረው፣ አሁን ባሌ የሆነው ሰው በሕይወት ያለው በሁለታችን ነው።

በረዶው ሲቀልጥ አዲስ ማሞቂያ እናስገባለን፤ ሲበላሽ እኔው እንድጠግነው መመሪያውን አስልኬ ከአሁኑ እያነበብኩት ነው። ኦረስት በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል። ልትጠይቂው ከፈለግሽ እሑድ ነይ። በሩን እኔ ራሴ እከፍትልሻለሁ፣ በፈለግሽው ወንበር ላይም ትቀመጫለሽ። ምድር ቤት ግን አትወርጂም።

ኖሪን