ያቃጠልኳቸው የፍዮሪ ጋዜጦች

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። የፍዮሪን ጋዜጦች ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ጋዜጠኛዋ ፍዮሪ ተከራዬ ሳለች የጻፈችባቸውን ሁሉ አደራ ሰጥታኝ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቤት ለቤት ሲፈተሽ ፈርቼ እሳት ውስጥ ከተትኳቸው። ለእሷ ግን "ተዘረፉ" አልኳት።

ዛሬ ልትጠይቀኝ መጣች። አሁን የአንድ የኢንተርኔት ሚዲያ ኃላፊ ናት። ሻይ እየጠጣን አንዲት ጀማሪ ዘጋቢ ደወለችላት፤ ስለ አንዲት ሴት የያዘችውን ዜና ሌሎች ቀድመው አውጥተውታል።

"ይቅደሙን! ሴትዮዋን ቁሓ ሄደሽ አነጋገርሻት? ካልሄድሽ አይወጣም" አለቻት ፍዮሪ።

እሷም ድሮ ለዜና ቁሓ ከተማ ድረስ በእግሯ ነበር የምትሄደው። ኮራሁባት።

ስልኩን ዘግታ፣ እናቷን እንደምትጠራ "አደይ ለተ፣ የድሮ ጽሑፎቼን ድረ ገጻችን ላይ ላወጣቸው ነበር። ምን ይደረግ፣ አንባቢ ሌባ ነው የገጠመን!" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ማንበብ የተማርኩት በእነዚያ ጋዜጦች ነው። ስለ ውሃ ወረፋ የጻፈችውን ዛሬም ከነርእሱ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከዚህ ሥር እጽፈዋለሁ። ይህን ኑዛዜዬን የያዘ ደብተር የምሰጠው ለራሷ ለፍዮሪ ነው።