ከአሥር ስምንት

ዓርብ
ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከማዳም ቤት ሥራ ዕረፍቴ ስለሆነ፣ ሰቢል ሰፈር እትዬ ከድጃ ክፍል ከአገሬ ልጆች ጋር ተሰብስበን በአበሻ ጎመን ዘር ተጨቃጨቅን። አንዷ የሰጠችው አልበቀለም፤ የሌላዋ ሰናፍጭ ሆኖ አረፈ። ጣሪያ ላይ በስንት ልመና ያገኘነው አፈር በከንቱ ቀረ። ስለዚህ፦ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ፣ አምስት ቀን። ስምንት ካልበቀለ ቋጠሮው ይጣላል። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተለቀመ ይጻፍበት። "ያለ አድልዎ!" አልኩ ደግሞ፣ ዳኛ ይመስል።

ቅዳሜ
የእኔን አሥር ፍሬ ዘረጋሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከጓሮዋ የቀረኝ ይኸው ቋጠሮ ነው። ማዳም ጨርቁን አየችና አፍንጫዋን ነፋች። "የላ፣ ቶሎ በይ፣ መስኮቶቹ!" ስድስት መስኮት። ወገቤ!

ሰኞ
ምንም የለም። እንግዳ መጥቶ ሰሃን ሳጥብ ዋልኩ።

ማክሰኞ
ሁለት ብቻ። ልብስ ላሰጣ የማዳም ቤት ጣሪያ ላይ ስወጣ ምክንያቱ ገባኝ። እናቴ ዘር የምትሰቅለው ከምድጃው በላይ ነበር፤ ሙቀቱና ጭሱ ነቀዝ አያስጠጋም። እዚህ ምድጃ የለ፤ እኔ ብልጧ፣ ሙቅ አየር ከሚተፋው የኤሲ ሞተር ፊት ሰቀልኩት። ወራቱን ሙሉ ስቆላው ከርሜያለሁ። አለቀስኩ።

ረቡዕ
አምስተኛው ቀን። ሦስት። እትዬ ከድጃ የሰጡኝ ጥሩ ዘር አለ፤ አምስት ፍሬ ብጨምር እስከ ዓርብ ይበቅላል፣ ማን ያውቃል? መዳፌ ላይ ቆጠርኳቸው። በእናቴ ስም የሌላ ሰው ጎመን ሊበቅል? መልሼ ከተትኳቸው። ደክሞኛል።

ዓርብ
እትዬ ከድጃ ክፍል ጨርቁን ዘርግቼ የኤሲውንም ነገር ተናገርኩ። ከመካከላችን ሀያት፣ መካ ጀርወል ሰፈር ላሉ ዘመዶቿ ዘር ልትወስድ መጥታ ነበር። "የእናቷ ነው፤ ለእሷ እንኳ ይለፍ" አለች።
እትዬ ከድጃ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኸላስ፣ አለቀ፣ ሕግ ነው። ይጣላል።" ከዚያ አፈር የሞላ የእርጎ ዕቃ አመጡ። "የበቀለውን ግን ጣሉ አላልሽም። ትከያቸው፣ ልጄ።"
ቋጠሮውን በእጄ ጣልኩት። ሦስቱን ተከልኩ። ዕቃው ላይ የእናቴን ስም ጻፍኩ፣ ከየት ለሚለው ወሎ አልኩ። መቼ ተለቀመ የሚለውን ክፍት ተውኩት። ሦስቱ አድገው ዘር እስኪሰጡ ድረስ ቀኑን አላህ ያውቃል።