«ተመርቀሃል» ያለችው ቃል

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ባልሽ ደህና ነው? ትንሿ ልጅሽ እንቅልፍ ትተኛለች? እኔ አለሁ፤ ይህ መኖር ከተባለ።

የወንድምሽን መርዶ በስልክ ሰምተሻል፤ እኔ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ ግን አልነገርኩሽም። አስቀድሞ የነገረኝ አፍ አይደለም፣ እጅ ነው። የወንድምሽ ባልደረባ፣ ቀለም ቀቢው፣ በጠራራ ፀሐይ በሬን አንኳኳ። እጁ ታጥቧል፤ ጥፍሩ ሥር እንኳ ቀለም የለም። ቀለም ቀቢ በሥራ ሰዓት እጁ ከጸዳ ምን ደግ ወሬ ይዞ ይመጣል? እማማ ይቀመጡ አለኝ። እንደቆምኩ ንገረኝ አልኩት። ያ የሚጥል በሽታ መሰላሉ ጫፍ ላይ ያዘው፣ ወደቀ አለኝ።

በሽታው ዓመት ሙሉ ትቶት አልነበር? ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳይተው የአእምሮ ሥልጠናውን እንዲሞክር ልኮት፣ አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው ስክሪን ፊት አስቀመጡት። ሐሳቡ ሲረጋ ስክሪኑ ላይ ያለችው ጀልባ ትሄዳለች፣ ሲበተን ትቆማለች። መቅዘፊያ የሌላት ጀልባ ምኗ ይታመናል አልኩት። ሳቀብኝ፤ ጀልባዋም ቆመች።

በመጨረሻው ቀን አሠልጣኟ «ተመርቀሃል» አለችው። እሱ ትምህርት እንደጨረሰ ተማሪ ተገላገልኩ አለ። አንቺ በስልክ እልል አልሽ። እኔ ደግሞ የተመረቀ ልጅ ምን ይነካዋል ብዬ አሜን አልኩ።

ከቀብሩ በኋላ ፍራሹን ሳነሳ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አገኘሁት፤ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። አሠልጣኟ ዘንድ ሄድኩ። መድኃኒት ተው አላልኩትም፤ ቤትህ ጸጥ ብለህ መለማመዱን አትርሳ፣ በየጊዜው እየመጣህ እንከልሰው፣ ያልተደገመ ትምህርት ይጠፋል ብዬዋለሁ አለችኝ። ይህን ስትል ጫማዋን ታያለች። ባልደረባውን ስለ መድኃኒቱ ብጠይቀው እሱም ጫማውን ያያል። ሐዘንተኛ ጥላዋንም ትጠረጥራለች በይኝ፤ ግድ የለም።

አንቺንም ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ለእኔ የሚደብቀውን ለአንቺ ያወራ ነበር። መድኃኒቱን ልተወው ወይ ብሎ አማክሮሽ ነበር? ምን አልሽው? እውነቱን ጻፊልኝ። አልረግምሽም፤ የቀረሽኝ አንቺው ነሽ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ይህን የማነሳው ስለ ትንሿ ነው። ልጅሽም ለዚያው በሽታ ያንኑ ሥልጠና ጨርሳ በሚመጣው ወር ትመረቃለች ብለሽ ጽፈሻል። ልጄ፣ አታስመርቂያት። ከዚያ በኋላስ ብለሽ ፊት ፊታቸውን እያየሽ ጠይቂ፤ ቤት ምን ትለማመድ፣ መቼ ተመልሳ ትታይ፣ በሽታው ቢመለስ በምን ይታወቃል በያቸው። መድኃኒቷን ከሐኪሟ በቀር ማንም እንዳይነካባት፤ አሠልጣኝም፣ አንቺም፣ ደህና ነኝ ያለች ቀን ራሷም ብትሆን። ወንድምሽን የወሰደብኝ ደህና ነኝ ማለቱ ነው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ስልክ ላይ ሲስል ሰምቼዋለሁና ይታይ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ ጀልባዋን አታምናትም፣ አንቺን ግን ታምናለች በያት። ባልደረባውም ሰላም ብሎሻል። አሁንም ሊጠይቀኝ ሲመጣ እጁን ታጥቦ ነው፤ ከነቀለምህ ና ብዬዋለሁ።

ይህን ለቤተሰቡ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የሰማችሁም ያነበባችሁም ለወንድምሽ ነፍስ ጸልዩለት። እኔ ልጸልይ ስንበረከክ መድኃኒቱን ማን ተው አለው የሚለው ጥያቄ ይቀድመኛል።

እናትሽ
ከመስኮቱ ሥር፣ እሱ ከቀባው ግድግዳ አጠገብ
ጥቅምት ፲፬ ቀን