ኮሪደር ላይ የጠበቀችው ተማሪ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለቲራ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ግሪንላንድ በረዶው ለቀቃችሁ ወይስ አሁንም በር እየዘጋባችሁ ነው? ባልሽ ማሊክስ ጀልባውን አሠራ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ካጣሁ ግን ሳምንት አለፈኝ። ሁሌ በቀልድ ስለምጽፍልሽ ዛሬ ቁም ነገር ብቻ ብታነቢ አትደንግጪ።

እንደምታውቂው በዚህ ወር ጡረታ እወጣለሁ። ኮሌጁ ኬክ አዝዟል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምር አንድ ቀን ያልቀረ እያሉ ይክቡኛል። ባለፈው ሳምንት የቤተ ሙከራውን ቁም ሣጥን ሳራግፍ፣ መንጠቆዋ የተጣመመ፣ 200 ግራም የሚል የተቀረጸባት አሮጌ የናስ ክብደት እጄ ገባች። ሳያት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ትዝ አለችኝ። ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፤ 187! ሦስቴ ደግሜ መዘንኳት። ገልብጬ ሳያት ለካ ከሥሯ ተቦርቡራ ኖሯል።

ስለዚያች ተማሪ፣ ስለ ዶርቴ፣ ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የቃል ፈተና ላይ፣ አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰው የፈተና ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ይህችኑ ክብደት የሽቦ ሞላ ላይ ሰቀለች። ቁጥሩ አልገጥም አላት። "ኤስኪል፣ ይሄ ነገር ከተጻፈበት ይቀላል" አለችኝ። ከሌላ ኮሌጅ የመጣው ፈታኝ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አፍሬ "ዕቃ አይዋሽም የኔ እመቤት፤ የሚሳሳተው ተማሪ ነው" ብዬ አሾፍኩባት። እንደ ደንቡ እኛ ውጤቱን እስክንወስን ኮሪደር ላይ ጠበቀች። አስር ደቂቃ ቆይተን ጠራናትና ወድቀሻል አልናት። ሦስተኛ ሙከራዋ ነበር፤ አራተኛ ደግሞ አይፈቀድም። በዚያው ወጥታ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ የፈተና ሰሞን በሩን ከፍቼ ተማሪ በጠራሁ ቁጥር መጀመሪያ የምትታየኝ እሷ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች። ሰነፍ ነበረች እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። አሁን ምን ልበል?

ለዲኑ ብነግረው "ተው እንጂ፣ ማን ያስታውሰዋል!" አለኝ። አልተውኩትም። ትናንት ዶርቴ ብስክሌት የምትጠግንበት ሱቅ ሄድኩ። "ውይ ኤስኪል! አርጅተህ የለም እንዴ!" ብላ ሳቀችብኝ። ናሷን አሳይቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ውጤትሽ እንዲታረም ለኮሌጁ በስሜ እጽፋለሁ አልኳት። እጇን በጨርቅ እየጠረገች "ልክ እንደነበርኩማ ያኔውኑ አውቃለሁ። ያንገበገበኝ እሱ አይደለም። ኮሪደር ላይ ቆሜ ስትስቁ ሰማኋችሁ። እስቲ ንገረኝ፣ ምኔ ነው ያሳቃችሁ?" አለችኝ።

ቲራዬ፣ መዋሸት እችል ነበር፤ አቃተኝ። በሩን ዘግታ እንደወጣች በአንድ ቃል እንደጣልናት፣ የቀረውን ጊዜ ስለ ምሳችን ስናወራ እንደሳቅን፣ ስሟን እንኳ እንዳላነሳን ነገርኳት።

ጨርቁን ጣል አደረገችው። "በእኔ ብትስቁ ይሻለኝ ነበር" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ማሊክን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ትንሿን ናያን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አማትሽንም እንደናፈቅኳቸው ንገሪያቸው።

ወንድምሽ ኤስኪል
ኦልቦርግ፣ ጁን 16 ቀን 2024