በወፍጮ ቤቴ ደጃፍ ስለሚያልፈው ባቡር

ለተከበሩ አቶ አቤኔዘር፣
የክፍት ካርታ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር የምልክቶች ክፍል ኃላፊ
ወልቂጤ

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ዐይንዎንም ይጠብቅልዎ፤ ወልቂጤ ተቀምጦ ቡታጅራን የሚያይ ዐይን እንደ ዋዛ የሚገኝ አይደለምና። ፈቲሀ ሸረፋ እባላለሁ፤ ቡታጅራ ከገበያው በታች ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ከተማው ሁሉ እንዲያመሰግንዎ በማሰብ ነው፤ ሌላው አገር ስንት ዓመት የሚለፋበትን ባቡር፣ እርስዎ ያለ አንድ ብረትና ያለ አንድ ሠራተኛ ቡታጅራ አስገብተውልናልና።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ወፍጮዬ አንድ ብቻ ነው። ሚጥሚጣ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ወዲያው ጤፍ ያስፈጨ ሰው ቤተሰቡን ሲያስነጥስ ይከርማል። ስለዚህ ደጄ ላይ ረጅም ብረት አቁሜ ሦስት አምፖሎች ሰቅያለሁ። ቀይ ሲበራ የበርበሬና የሚጥሚጣ ተራ ነው፤ ቢጫ ሲበራ የእህል፤ አረንጓዴ ሲበራ ደግሞ ድንጋዩ እየተጠረገ ነውና ማንም አይምጣ ማለት ነው። ከመስቃን ገጠር የሚመጣው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከሩቅ አይቶ አህያውን ይነዳል ወይም ያቆማል።

የእርስዎ ክፍል ግን ከመኪና መስኮት የተነሣ አንድ ፎቶ አይቶ ብረቴን የባቡር ምልክት ብሎ ካርታው ላይ መዘገበው። በዚህም የተነሣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጥንቃቄዎ። ቀይ ሲበራ ይቁም፣ ቢጫ ሲበራ ቀስ ይበል፣ አረንጓዴ ሲበራ ይለፍ ተብሎ የእያንዳንዱ አምፖል ትእዛዝ ሳይቀር ተጽፏል። ሁሉም የተገላቢጦሽ መሆኑ ድካማችሁን አያሳንሰውም። አንድም ሰው ሳይጠይቁ ይህን ያህል መጻፍ ራሱን የቻለ ተሰጥኦ ነው።

፪. ስለ ሐዲዱ። ምልክቴ ያለ ሐዲድ ብቻውን መቆሙ ያሳዘነው ሌላ በጎ ፈቃደኛችሁ፣ ከከብት ገበያው አንሥቶ በደጄ የሚያልፍ ሐዲድ ስሎልኛል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ባቡር ሲሆን ግን የመጀመሪያዬ ነው።

፫. ስለ ደንበኞቼ። እዚህ ላይ ሳቄ ትንሽ ይቆማል። አገሩ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲገባ የክትፎውን ሚጥሚጣ የሚያስፈጨው እኔ ዘንድ ነበር፤ ለአረፋ የሚመጣውም እንዲሁ። የዓመት ጉርሴን የማገኘው ከእነዚህ ሁለት በዓላት ነው። ዘንድሮ ለመስቀል በጥያና በቡኢ አድርጎ የመጣው መኪና ሁሉ ቡታጅራ ሲደርስ፣ ስልኩ በካርታችሁ ተመርቶ፣ ከፊት የባቡር ማቋረጫ ስላለ መንገዱ ዝግ ነው እያለ በማዶ በኩል ወሰደው። ማዶ ደግሞ ከድሮ የሚባል ሰው ወፍጮ አለው። ከድሮ ደግ ሰው ነው፤ ግን በዓሉን ሙሉ የእኔን ደንበኞች ሲፈጭላቸው ሰንብቶ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባቡሩ ደህና መሆኑን ጠየቀኝ። ከልቤ ተናደድኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ።

፬. አራተኛ የለኝም። ሦስተኛው ይበቃኛል።

ልመናዬ ቀላል ነው፤ አረፋ ሳይደርስ ወይ ሐዲዱን ያጥፉልኝ፣ ወይ ባቡሩን ይላኩልኝ። ባቡሩ ከመጣም አልጣላውም፤ ተሳፋሪም በርበሬ ያስፈጫል።

ለሌለው ባቡር ለደከመው እጅዎ ብርታትን፣ ወርዶ ለማየት ደግሞ ጥቂት የእግር ጉልበት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ፈቲሀ ሸረፋ
የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ በካርታችሁ መሠረት ደግሞ የባቡር ምልክት ጠባቂ
ቡታጅራ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ቀደም ሲል በስልክ ያመለከትኩትን በአካል እንዲያጣራ እርስዎ የላኩት ሰው መጥቶ እንደነበር ሰማሁ። እሱም በካርታችሁ ተመርቶ ማቋረጫው ጋ ሲደርስ እንደ ደንበኞቼ ወደ ማዶ ዞሯል፤ ከድሮ ቤት ምሳ ተጋብዞም በአካባቢው የፈቲሀ ወፍጮ የሚባል አለማየቱን ጽፎ ተመልሷል። ዛሬ ካርታውን ስከፍት ወፍጮዬ ተሰርዟል፤ ሐዲዱ አለ። እንግዲህ ለባቡሩ ሲባል የልማት ተነሺ መሆኔ ስለተረጋገጠ፣ ምትክ ቦታዬን ከከድሮ ወፍጮ ፊት ለፊት እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ካርታው ላይ ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል፤ ደንበኞቼ የሚሄዱት እሱን ተከትለው ነውና።