የበረኛው ቤት

ውድ ሰይዴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው መኸር ገባ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። እኛ አለን። ትንሿ ልጅህ ከድጃ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሌላ አብቅላለች። ካፖርትህን ልጅህ ጀማል ይለብሰዋል፤ ትከሻው ላይ ልክ ሆኖታል። ፊሽካህ ከበሩ ጀርባ በሰቀልክበት ምስማር ላይ ነው። አላነሳሁትም።

ወፍጮው ቆሟል። ማኅበሩ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው አስገብቶ ነበር፤ ናፍጣ ሲጠፋ እሱም ሄደ። አሁን የሮቢት ሰው ማሽላውን በአህያ ጭኖ ቆቦ ድረስ ሄዶ ያስፈጫል። ክፍል ውስጥ ስሆን የወፍጮው ድምፅ በመስኮት ይገባ ስለነበር ጮክ ብዬ ማስተማር ለምጄ ነበር። አሁንም ጮክ ብዬ ነው የማስተምረው። ርዕሰ መምህሩ ምን ያስጮህሻል አለኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እግር ኳስ ውድድሩ ነው። ስለሱ እኔ ካልነገርኩህ ማንም አይነግርህም።

ስትጀምሩት ስድስት ቡድን ነበራችሁ። ሦስቱ የአገሬው ነበሩ፤ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ። ሦስቱ የድርጅት ነበሩ፤ የመንግሥት እርሻው፣ የመንገድ ሥራ ካምፑና የእህል መጋዘኑ። የድርጅቶቹ ልጆች ታኬታ ነበራቸው፣ ማልያቸው ቁጥር ነበረው፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭነው ይመጡ ነበር። የእኛዎቹ ገሚሱ በበረባሶ፣ ገሚሱ በባዶ እግሩ ነበር። ኳሱም መረቡም የእርሻው ነበር። ኮሚቴው ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ድምፅ አደረግህ። የምግቡንም ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ።

ጨዋታው ሲያልቅ እንግዳው ቡድን በባለሜዳው ሰው ቤት ይበላል። በረኛው በበረኛው ቤት፣ አጥቂው በአጥቂው ቤት፣ ተከላካዩ በተከላካዩ ቤት። ሥጋ አይቀርብም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይጠያየቅ እንዲበላ ሽሮ ብቻ ነው። እንግዳ የቀረበለትን ይጨርሳል። በመልሱ ጨዋታ ደግሞ ተራው የእሱ ቤት ነው። ብዙ ሰው ሳቀብህ። እኔም ስቄ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ሜዳው ላይ ድንጋይ የተነሳበት ቀን አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ እናቱ ቤት ገብተህ የምትበላበትን ልጅ እግሩን መስበር ይከብዳል።

ነገሩ የተበላሸው ሮቢት እርሻውን ያሸነፈ ዕለት ነው። አንድ ለዜሮ። ጀማል የሮቢት በረኛ ሆኖ ሪጎሬውን፣ የቅጣት ምቱን፣ የያዘበት ጨዋታ። ጎሊና ሞልቶ ስለነበር ሰው ከወንዙ ማዶ ቆሞ ነበር ያየው። አንተ ዳኛ ስለነበርክ መሳቅ አልቻልክም፤ ቤት ገብተህ በሩን ዘግተህ ነው የሳቅኸው። በዚያ ዓመት እርሻው ለዋንጫ ሳያልፍ ቀረ። ሮቢትና ዋጃ ለዋንጫ ተጫወቱ፤ ከድርጅቶቹ አንድም አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ጓድ ታፈሰ ስብሰባ ጠራ። የእርሻው የስፖርት ኃላፊ እሱ ስለነበር መኪናውም ኳሱም በእሱ እጅ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝላችሁ ለምናችሁኝ ከጥግ ተቀምጫለሁ። ሦስቱ ድርጅቶች የመጡበትን አንድ ላይ ተናገሩ። ከእንግዲህ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ድምፅ ይሰጣቸው። በማጣሪያው ቢሸነፉም ባይሸነፉም ወደ መጨረሻው ዙር ይለፉ፤ የእኛዎቹ ሦስቱ እርስ በርስ ተጫውተው አሸናፊው ከእነሱ ጋር ይቀላቀል። የምግቡም ነገር ይቅር። ይህ ካልሆነ ወጥተው ከአላማጣና ከወልዲያ ድርጅቶች ጋር የራሳቸውን ውድድር ያቋቁማሉ።

ጓድ ታፈሰ እንዲህ አለ፦ «ኳሱን እናቀርባለን። መረቡን እናቀርባለን። መኪናውን እናቀርባለን። ሮቢት የሚያቀርበው ሽሮ ነው። ድምፁ ግን እኩል ነው። ይሄ ፍትሕ ነው?»

የዋጃው ተወካይ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ጓድ፣ ሽሮውን ግን ጨርሰኸዋል» አለው። ቤቱ ሳቀ። ታፈሰም ፈገግ አለ። አንተ አልሳቅህም። ተነስተህ፣ «ሁልጊዜ የሚያልፍ ቡድን ለምን ይጫወታል?» ብለህ ጠየቅህ። ስብሰባው ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ።

የሚቀጥለው ወር አንተ አልነበርክም። ወባ መሆኑን ስናውቅ ክሊኒኩ ውስጥ መድኃኒት አልነበረም። ቆቦ እስክናደርስህ መናገር አቁመህ ነበር። ይህን አንተም ታውቀዋለህ፤ አልደግመውም።

ቀብርህ ላይ ስድስቱም ቡድኖች መጡ። እርሻው ልጆቹን በኤንትሬ ላከ። ጓድ ታፈሰ ዳሱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ፤ በደንብ አጽናናኝ፤ ሲነሳ ጀማል ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሥራ ስምንት ሊሞላው ነው አልኩት።

አርባህ ሳይወጣ ድርጅቶቹ ከውድድሩ ወጡ። መልእክቱን በሾፌር ነው የላኩብን። ሾፌሩ ያንኑ ቀን መረቡን ከእንጨቱ ፈትቶ ጠቅልሎ ወሰደ። ሮቢት፣ ቆቦና ዋጃ ለብቻቸው ሊቀጥሉ ሞከሩ። የተጣፈ ኳስ ነበራቸው። ጥቂት እሑድ ተጫወቱ። ከዚያ የመንገዱ ካምፕ የቆቦን ሁለት አጥቂዎች የቀን ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራቸው። መጋዘኑ የዋጃን ተከላካይ ወሰደ። በልጆቹ አልፈርድም። ደመወዝ ነው፣ ምሳ ነው፣ ታኬታ ነው። የቀሩት ሜዳ ላይ ሲመጡ ቁጥራቸው አይሞላም ነበር። ድርጅቶቹ ያሸነፉን ከወጡ በኋላ ነው፤ ያውም ሳይጫወቱን።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው ምልመላ መጣ። ቀበሌያችን ልጆች አምጣ ተባለ። ጓድ ታፈሰ ያን ሰሞን ቤታችን መጣ። ጀማል በእርሻው መጋዘን በጥበቃነት ይቀጠራል፣ ለእርሻው በረኛ ይሆናል፣ የእርሻ ሠራተኛ ደግሞ ለምርት ስለሚፈለግ አይነካም አለኝ። ሻይ አፍልቼለት ነበር፤ ጠጥቶ ሄደ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ቡድኑ በረኛ ያስፈልገው ነበር።

ጀማል፣ «አባዬ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለኝ።

«አባትህ የለም» አልኩት። ልብሱን አጥፌ በዘንቢል አደረግሁለት። በነጋታው ሄደ።

የምትለውን አውቀዋለሁ። ሁሉም እንዲህ ካለ ማን ይቀራል ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው። አልጠየቅሁህም። አሁንም ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ልጁ በሕይወት አለ።

እዚህ ሮቢት ጀማል በቆመበት ቦታ የእትዬ ስንዱ ልጅ አበራ ገባ። ታስታውሰዋለህ፣ ከአጥራችን ወዲያ፣ ፍየላቸው ጎመናችንን የበላችብን። አበራ በረኛ አልነበረም። ግራ ተከላካይ ነበር። ግን ቁመት ነበረው፤ ሌላ ሰውም አልነበረም። ልምምዱን በየቀኑ ማታ ማታ ያደርጉ ነበር። እትዬ ስንዱ በአጥሩ ላይ፣ «ፋጤ፣ ልጅሽ ሄዶ የእኔን ልጅ ጉልበት አስላጠው፤ በየቀኑ እየወደቀ ነው የሚመጣው» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

አንድ ማታ ልምምድ ላይ ሳሉ ሁለት የመልማዮች መኪና ከአስፋልቱ ወርዶ ሜዳውን ከበበ። ከሩቅ ላለው ልጅ መሮጫ ነበረው። አጥቂዎቹ በማሽላው ውስጥ ገብተው አመለጡ። በረኛ ግን ሌላው ሁሉ ከፊቱ ነው፤ ከኋላው ደግሞ መኪናው ቆሞ ነበር። አበራን ከሁለቱ እንጨቶች መሀል ነው የወሰዱት። ከእሱ ጋር አራት ልጆች ተወሰዱ። በረባሶው እዚያው ቀረ፤ ከድጃ አንስታ ለእትዬ ስንዱ ወሰደችላት።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ስንዱ በአጥሩ ላይ አልጠራችኝም። አልተጣላንም። ሰላም እንባባላለን። ምሽቱ ያለ ቀልድ ያልፋል።

የድርጅቶቹ ውድድርም ብዙ አልቆየም። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም። መጀመሪያ የወልዲያዎቹ መምጣት አቆሙ፤ መንገዱ ላይ ፍተሻ በዛ፣ ናፍጣ ደግሞ ለኳስ አይሰጥም ተባለ። የአላማጣዎቹ ጦርነቱ ቀረበ ብለው ቀሩ። ሦስቱ ድርጅቶች ብቻቸውን ቀሩ። እርሻው መንገዱን ይገጥማል፣ መንገዱ መጋዘኑን፣ መጋዘኑ እርሻውን። ሁሉም ያልፋሉ። ተመልካች አልነበራቸውም። ጀማል እሑድ ወደ ቤት ሲመጣ ስለ ጨዋታ አያወራም ነበር። ልብሱን ብቻ ያጥብ ነበር።

ባለፈው ወር ጓድ ታፈሰ መልእክት ላከ። ከሮቢት ጋር መጫወት እንፈልጋለን፣ በሮቢት ሜዳ፣ መረብም ኳስም ይዘን እንመጣለን አለ። ሁለት ድምፅ የሚለውን አላነሳም። የሚሰጠው ኮሚቴም የለም።

ሮቢት አሥራ አንድ ሰው ለማግኘት ሲለፋ ሰነበተ። የወፍጮው ረዳትህ ገባ፤ ሆዱ ወጥቷል። የማርያሙ ዲያቆን ሱሪውን አጥፎ ገባ። እኔ የማስተምራቸው ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ገቡ። በረኛ የሚሆን ስለጠፋ በጨዋታው ቀን ከኤንትሬው የወረደ የእርሻው ተጠባባቂ በውሰት ቆመላቸው። አየኸው? የሮቢትን ጎል የጠበቀው የእርሻው ሰው ነው። ስንት ለስንት እንዳለቀ አልነግርህም። ሰው ቆሞ አየ። አንዳንዱ ከት ብሎ ሳቀ፣ ዲያቆኑ ሲወድቅ።

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። የእርሻው ልጆች ኤንትሬው አጠገብ ቆሙ። የሮቢት ሰው ሜዳው ዳር ቆመ። የምግቡ ሕግ ድርጅቶቹ ከወጡ ወዲህ ቀርቷል። ጓድ ታፈሰ ሾፌሩን አስነሳ አለው።

እትዬ ስንዱ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ሜዳውን በመሀሉ አቋርጣ ሄደች። ጀማል የእርሻውን ማልያ እንደለበሰ ነበር። እጁን ያዘችው።

«የሮቢት በረኛ ቤት የእኔ ቤት ነው» አለች። «ና።»

ጀማል ወደ እኔ አየ። አንገቴን አልነቀነቅሁም፤ እምቢም አላልኩም። ተከትሏት ሄደ። ከዚያ አንድ ሴት የእርሻውን አጥቂ ጠራች። ሌላዋም ተከላካዩን። ልጃቸው የተወሰደባቸው ሴቶች ናቸው ቀድመው የጠሩት። ጓድ ታፈሰ ሞተሩን አስጠፋና መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚገጥመው ሰው ስላልነበረ የሚጠራው አልነበረም። መጨረሻ ላይ እኔ ጠራሁት። በኮሚቴው የሚገጥመው አንተ ነበርክና ተራው የአንተ ቤት ይመስለኛል።

ጀማል ሲመለስ ታፈሰ በልቶ ወጥቶ ነበር። ልጁ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ምን አቀረበችልህ አልኩት። ሽሮ አለኝ። ጠላ አልነበረም፤ ለእኔ ብላ ብርዝ በጥብጣ ነበር አለ። የብርዝ ማር በዚህ ሰሞን ሮቢት ውስጥ አይገኝም፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ከጨዋታው በፊት አስባበታለች ማለት ነው። ምን አለችህ አልኩት። እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች አለ።

«ጨረስክ?» አልኩት።

«ጨረስኩት» አለ።

ከዚያ ወጥቶ እጁን ታጠበ፤ ረጅም ጊዜ ታጠበ።

አላለቀስኩም። ከአንተ ወዲህ ማልቀስ እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቶኛል። የምነግርህ ይህን ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ስለሆንክ ታውቀዋለህ፤ እንግዳ በልቶ ከሄደ ተራው የእሱ ቤት ነው። ጀማል እርሻው ውስጥ የሚያድረው በካምፕ ነው። ቤቱ ይህ ነው። ስለዚህ አበራ የሚበላው እዚህ ነው።

አበራ የት እንዳለ አይታወቅም። አንዱ ከረን ነው አለ፣ አንዱ ናቅፋ። እትዬ ስንዱ ትጠይቃለች፣ እኔም እጠይቅላታለሁ። ጀማል በሚቀጥለው እሑድ ምን ወሬ ይዞልን እንደሚመጣ አላውቅም፤ እርሻውም እስከ መቼ ከምልመላው እንደሚጠብቀው አላውቅም።

በየእሑዱ አንድ ሰው የሚበላው ሽሮ አስቀርቼ እከድናለሁ። ሥጋ አይገባበትም። የአበራ ተራ መሆኑን አልረሳም። ያንን ሳልረሳ አንተንም አልረሳህም፤ ሁለታችሁን ለይቼ መያዝ አልችልም።

ያንተው፣
ፋጤ